የሰው ዘፈን መጫወትና ጊታር ማበጀት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ጧት ስለ ሳይንስ፣ ስለ እርሻና ስለ ጤና ብዙ የሚጠቅም ንግግር ሰምታችኋል። የእኛ ተራ ግን ስለ ጊታር ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ፣ አንዳንዶቻችሁም ፊታችሁን ስታጠቁሩ ከዚህ ሆነን እናያለን፤ ምክንያቱንም እናውቃለን። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው እንጂ አዝማሪ እንዲሆን አይደለም» ብለው ስለ ጊታር ማኅበራችን ጠይቀዋል። ስብሰባውም ነገሩን ሳይቈርጥ ለሚመጣው ወር አሳድሮታል። ስለዚህ ማኅበሩ ይኑር ወይም ይዘጋ ተብሎ ከመወሰኑ በፊት፣ የባንድ ኑሮ ምን እንደሚመስል ክፉውንም ደጉንም ልናቀርብላችሁ ፈቃድ ጠይቀን ቆመናል። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች፣ ለይተን ካልተናገርን በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌያችንን በመጀመሪያ ከእንግሊዝ አገር እንወስዳለን፤ ይህ ዓይነት ባንድ በሚገባ የሚታወቀው እዚያ ነውና። በእንግሊዝ በብዙ መንደሮች «ፐብ» የሚባል መጠጥ ቤት አለ። እንደኛ ጠጅ ቤት ሰው የሚጠጣበት ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ወሬ የሚለዋወጥበት ቦታ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ዓርብና ቅዳሜ ማታ አራት ወይም አምስት ሰዎች ያሉበት ባንድ ይጫወታል። የሚጫወተውም የራሱን ዘፈን ሳይሆን ሰዉ ሁሉ የሚያውቀውንና አብሮ የሚያዜመውን የሌላ ሰው ዘፈን ነው፤ ስለዚህ «ከቨር ባንድ» ይባላል። ተጫዋቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው ናቸው፤ መምህር አለ፣ ፖስተኛ አለ፣ መካኒክም አለ። ማታ ከበሮውንና ድምፅ ማጉያውን ራሳቸው ተሸክመው ይገባሉ፤ በአንዲት ጠባብ ማዕዘን ይዘረጉታል፤ አንድ ሰዓት ያህል ተጫውተው ያርፋሉ፤ ደግሞ ይጫወታሉ፤ ሰዉ ሲወጣም ሽቦውን ጠቅልለው ይጭናሉ። የማታዋ ክፍያ ለአምስት ስትካፈል ብዙ አትሆንም። ከአድማጩ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል፤ ሌላው ዓይኑን ከእግር ኳሱ አይነቅልም። እንዲህ ያለውን ሰው ፊቱን ወደ ሙዚቃው ማስመለስ ቀላል ሥራ አይመስለንም።

«የሰው ዘፈን መጫወት ሌብነት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ሕጉ ከተጠበቀ። በእንግሊዝ አገር በ1914 የተቋቋመ የሙዚቃ ደራሲያን ማኅበር አለ፤ ሙዚቃ የሚያሰማ ቤት ፈቃድ አውጥቶ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ለዘፈን ደራሲዎች ይከፋፈላል። በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለደራሲው ሥራው በሕዝብ ፊት ስለ መቅረቡ መብት ሰጥቶታል።

እንግዲህ አዝማሪ ወደሚለው ቃል እንመለስ። በኛ አገር ብዙ ጊዜ ለስድብ ይነገራል። ነገር ግን በዚህ ትምህርት ቤት ጧት ጧት የምናሰማው «መዝሙር» እና «አዝማሪ» ከአንድ የግዕዝ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። አዝማሪው የማሲንቆውን ሣጥን ከእንጨት ጠርቦ፣ ቆዳ ወጥሮበት፣ ክሩን ከፈረስ ጭራ አበጅቶ፣ በጠጅ ቤት ውስጥ የእያንዳንዱን ሰው ፊት እያነበበ ይጫወታል። የፐቡ ጊታር መቺ የሚያደርገውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ማኅበራችን አዝማሪነትን ያስተምራል ብለው ያዘኑት አባት በዚህ በኩል ተሳስተዋል ለማለት አንደፍርም፤ ቃሉን ግን እንደ ስድብ አንቀበለውም።

የሰው ዘፈን ለመጫወት የሚጠፋው ጊዜ ምን ያፈራል? በኦገስት 1960 ከሊቨርፑል ከተማ አምስት ወጣቶች ወደ ጀርመን አገር ወደ ሐምቡርግ ሄዱ። ጆን ሌነን 19፣ ፖል ማካርትኒ 18፣ ጆርጅ ሐሪሰን 17 ዓመታቸው ነበር፤ ይኸውም የኛ ዕድሜ ማለት ነው። ስማቸውም ቢትልስ ይባል ነበር። የሚያድሩት ከአንድ ሲኒማ ቤት መጋረጃ በስተኋላ ነው። በአዘቦት ማታ አራት ሰዓት ተኩል ያህል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስድስት ሰዓት ያህል ሰካራም መርከበኛ በሚገባበት ቤት ይጫወቱ ነበር። ይህን ሁሉ ሰዓት በጥቂት ዘፈን መሙላት አይቻልምና የአሜሪካኖቹን የቸክ ቤሪንና የሊትል ሪቻርድን፣ የሌሎችንም ብዙ ዘፈኖች አጠኑ። እስከ 1962 መጨረሻ ድረስ ወደዚያች ከተማ አምስት ጊዜ ተመላለሱ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1962 ለንደን ለአንድ የሸክላ ኩባንያ ለፈተና ቀርበው 15 ዘፈን ተጫወቱ፤ የራሳቸው ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ኩባንያው አልተቀበላቸውም። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 ግን የመጀመሪያ ትልቅ ሸክላቸውን ሲያስቀርጹ አሥር ዘፈን በአንድ ቀን ጨረሱ። በዚያ ሸክላ ላይ ካሉት 14 ዘፈኖች ስድስቱ የሌላ ሰው፣ ስምንቱ የራሳቸው ነበሩ። ከሦስት ወደ ስምንት የደረሱት የሰውን ዘፈን ፈትተው አሠራሩን ስላዩት ነው ብለን እናምናለን። አንድ ተማሪ የሌላውን ሰው ድርሰት በእጁ ሲገለብጥ ሰዋስው እንደሚገባው ማለት ነው።

የራሳችንም አገር ምስክር አይጐድለውም። በ2021 ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች ይዘፍን ነበር፤ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሆኖ በአማርኛ የዘፈነው ማንንም የማይመስል የራሱ ድምፅ ሆነ።

አሁን ደግሞ ወደ መሣሪያው እንለፍ። ይህ የኛ የልብ ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ብንቆይበት ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

የኤሌክትሪክ ጊታር ምሥጢር ፋራዴይ በ1831 ያገኘውና እኛም በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ነው። ከብረት ክሮቹ ሥር ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ እንደ ፀጕር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺሕ ዙር ተጠምጥሟል፤ ይህን «ፒክአፕ» ይሉታል። ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ድምፅ ማጉያው ያንን ያጐላዋል። ነገር ግን ያው ሽቦ የቤቱን መብራት ጉርምርምታም ይቀበላል። በ1955 ሴዝ ላቨር የሚባል የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሁለት ጥምጥም ጎን ለጎን አድርጎ፣ ሽቦውንም ማግኔቱንም በተቃራኒ አዞረው፤ ጉርምርምታው እርስ በርሱ ሲጠፋፋ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለን የገባን ቀን በፈተና ካገኘነው ማርክ የበለጠ ደስ ብሎናል።

በአንገቱ ላይ ያሉት ብረቶች ቦታም በዘፈቀደ አይደለም። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊሜትር ቢሆን ለ17.817 ይካፈላል፤ የመጀመሪያው ብረት ከጫፉ 36.4 ሚሊሜትር ርቆ ይገባል። የቀረው ርዝመት ደግሞ በዚያው ቍጥር ይካፈላል፤ እንዲህ እየተባለ ይኬዳል። አሥራ ሁለተኛው ብረት ልክ ከመካከል፣ በ324 ላይ ይውላል። ስሌቱ ካልተጠበቀ የቱንም ያህል ውድ እንጨት ቢሆን ጊታሩ ይዋሻል።

ወላጆቻችን በተለይ እንዲሰሙልን የምንፈልገው የብራያን ሜይን ታሪክ ነው። በ1963 የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። የሚመኘውን የኤሌክትሪክ ጊታር መግዛት ስላልቻለ ከአባቱ ጋር ሊሠራ ተነሣ። አባቱ የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ነበራቸው። አንገቱን ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ የእሳት ምድጃ እንጨት ጠረቡት፤ ነቀዝ የበላቸውን ቀዳዳዎች በክብሪት እንጨት ደፈኑ። የአካሉን መካከል ከአሮጌ የኦክ ጠረጴዛ አወጡ። በአንገቱ ላይ ያሉት ነጫጭ ምልክቶች ከእናቱ የልብስ ስፌት ሣጥን የተገኙ የዛጎል ቁልፎች ናቸው። ድምፁን ለሚያወዛውዘው እጀታ ሞላውን ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ወሰዱ፤ የእጀታው ጫፍ ደግሞ የእናቱ የሹራብ መሥሪያ መርፌ ቍራጭ ነው። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ብራያን ሜይ ኋላ ክዊን በሚባለው ባንድ ዓለምን የዞረው በዚሁ ጊታር ነው፤ በጁን 2002 በንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ ቆሞ የመታውም እርሱኑ ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ለእኛ በጠቀመን ነበር፤ ግን ቀሪውን መደበቅ አይገባንም። ልጁ በዩኒቨርሲቲ የጀመረውን የከዋክብት ጥናት ለባንድ ብሎ ባቋረጠ ጊዜ፣ ያን ጊታር አብረውት የሠሩት አባት እጅግ አዘኑ። አባትና ልጅ ለብዙ ጊዜ ተቀያይመው ኖሩ፤ ይህን ራሱ ብራያን ሜይ ተናግሯል። ጥናቱን ጨርሶ የዶክተርነት ማዕረግ ያገኘው በ2007፣ ዕድሜው 60 ሲደርስ ነው። ስለዚህ ባለፈው ስብሰባ የተነሡት አባት ብቻቸውን አይደሉም። እኛም ትምህርታችንን ለጊታር ብለን እናቋርጥ አላልንም፤ ከመካከላችን የአገር አቀፉን ፈተና የሚሸሽ የለም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኤዲ ቫን ሄለን በፓሳዲና ከተማ በየግብዣውና በየቡና ቤቱ የሰው ዘፈን ሲጫወት ያደገ ነው። የ50 ዶላር አካልና የ80 ዶላር አንገት ገዝቶ፣ የሌላ ዓይነት ጊታር ፒክአፕ ቀርጾ አስገባበት። ፒክአፑም እንዳይጮኽ በቀለጠ ሰም ነከረው። በ1978 የወጣው የመጀመሪያ ሸክላው ላይ የሚሰማው ይህ ጊታር ነው።

የኛ ሥራ ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ሁለት የተሰበሩ ጊታሮች አገኘን። የአንደኛው ክሮች የሚያርፉበት ቍራጭ ጠፍቶ ስለ ነበር ከሥጋ ቤት የበሬ አጥንት አምጥተን፣ ቀቅለን፣ አድርቀን፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለን ተካነው። በላስቲክ ከተሠራው ይልቅ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የሁለተኛው አንገት ተጣሞ ገና አልተቃናልንም።

ስለ ጉዳቱም እንናገር። ሐምቡርግ የሄዱት ወጣቶች እንቅልፍ ለማባረር ኪኒን ይውጡ ነበር። ጆርጅ ሐሪሰን ዕድሜው ለምሽት ቤት አልደረሰም ተብሎ በኖቬምበር 1960 ከጀርመን ተባረረ፤ ሕጉ ትክክል ነበር እንላለን። ከመጠጡ በላይ የሚያሰጋን ግን ማንም የማያየው የጆሮ ጉዳት ነው። የሥራ ጤና ሊቃውንት እንደሚሉት 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በቀን እስከ ስምንት ሰዓት ይቻላል፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቍጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የባንድ ድምፅ በጠባብ ክፍል ውስጥ እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። የሁ ባንድ ጊታር መቺ ፒት ታውንሰንድ የመስማት ኃይሉ መጎዳቱን በይፋ ተናግሯል።

ሌላው ኤሌክትሪክ ነው። በሜይ 1972 በዌልስ በስዋንዚ ከተማ ሌስ ሐርቪ የተባለ ጊታር መቺ መሬት ያልተያያዘ ማይክሮፎን ሲነካ በመድረክ ላይ ሞተ። ለአንድ ሽቦ ጉድለት ማንም ሰው መሞት አልነበረበትም።

ስለዚህ በሚመጣው ወር ስብሰባ የምንለምነው ይህን ነው። መጠጥ ቤት ሄደን እንድንጫወት ፈቃድ አንጠይቅም። ማኅበሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በአዳራሹ ይሰብሰብ፤ አንድ መምህር አብረውን ይቀመጡ፤ ለጆሯችን መድፈኛ ይገዛልን። ከወላጆች መካከል አናጢ የሆኑ ካሉ የተጣመመውን አንገት ይዩልን፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆኑ ካሉ ደግሞ የዚህን አዳራሽ ሶኬት ይመርምሩልን። በመድረኩ በስተግራ ያለው ሶኬት የመሬት ሽቦ የለውም፤ ፈተን አይተነዋል። ስለዚህም ዛሬ ከምሳ በኋላ የምታዩን ድምፅ ማጉያ ሳንሰካ ስንጫወት ነውና፣ እባካችሁ ወደ ፊት ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ።