ጋዜጦቻችን ስለ ሙስሊም ድርጅቶች ምን ይነግሩናል?

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ንግግር ጋዜጦቻችን ስለ ሙስሊም ድርጅቶች የሚጽፉበትን መንገድ የሚመለከት ነው። ርእሱን ስትሰሙ የሃይማኖት ክርክር የምከፍት እንዳይመስላችሁ። ትምህርተ ሃይማኖቱን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። የእኔ ጥያቄ የጋዜጠኛነት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ አንባቢ ጋዜጣውን ዓመቱን ሙሉ ቢያነብ ስለ እነዚህ ድርጅቶች ምን ዕውቀት ያገኛል? የሚል ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከመቶ ኢትዮጵያውያን ወደ 34 የሚሆኑት ሙስሊሞች ናቸው። እንግዲህ የምንናገረው ከሦስት ዜጎች ስለ አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ሕዝብ ያቋቋማቸው ድርጅቶች ግን በብዛት የሚጻፍላቸው በሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በዓል ሲሆን የመልካም ምኞት መልእክታቸው ይታተማል፤ ጠብ ሲነሣ ደግሞ የጠቡ ወሬ ይወጣል። በበዓልና በጠብ መካከል ያለው ረጅም ጊዜ፣ ይኸውም ሥራ የሚሠራበት፣ ልጅ የሚማርበት፣ ገንዘብ የሚሰበሰብበትና የሚወጣበት ጊዜ፣ ሳይጻፍ ያልፋል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። ሙስሊሞች ከደጋፊዎቻቸው ክርስቲያኖች ጋር አብረው ወጥተው 13 ጥያቄዎች አቀረቡ። ከጥያቄዎቹ መካከል በዓሎቻችን ይከበሩልን የሚል ነበረበት፤ ለዚህም በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሦስት የእስልምና በዓላትን በሕዝብ በዓልነት በማወጅ መልስ ሰጠ። ነገር ግን ለዛሬው ርእሳችን የሚቀርበው የአጠራር ጥያቄው ነው። በዚያን ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ማለት የተለመደ ነበርና ሰልፈኞቹ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ አሉ።

ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር ቆም ብሎ ያስብ። በአንድ አገር የሚኖር ሰው እንግዳም ሊሆን ይችላል፤ ተከራይም ይኖራል። «የሚኖሩ» የምትለው አንዲት ቃል አባት ከአያቱ የወረሰውን አገር በእንግድነት ትለውጥበታለች። ብዙ ሺህ ሰው አደባባይ ወጥቶ ስለ አንዲት ቃል አቤት ያለው ቃል ዕዳ እንደሚያሸክም ስለሚያውቅ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ዛሬ መጅሊስ የምንለው ጠቅላይ ምክር ቤት ተመሠረተ። ምክር ቤቱ ምን ዓይነት ድርጅት እንደ ሆነ ያለማወቅ ለብዙ የአጻጻፍ ስሕተት በር ከፍቷል። በእስልምና ጳጳስ ሾሞ ጳጳሱ ቄስ የሚሾምበት የክህነት ሥርዓት የለም። መጅሊስ የአስተዳደር ምክር ቤት ነው፤ ክብሩም የሚመጣው ምእመኑ መርጦኛል ሊል ከመቻሉ ነው። እንግዲያው ስለ መጅሊስ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ማን መረጣችሁ? እንዴት መረጣችሁ? የሚለውን ነው።

ይህ ጥያቄ በ2004 ዓ.ም. ራሱን ችሎ አደባባይ ወጣ። በአወልያ ትምህርት ቤት መምህራን በመባረራቸው የተነሣው ተቃውሞ ሰፋና 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተመረጠ። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የመጅሊስ ምርጫ በየመስጊዱ ይደረግ፤ አወልያ ነጻ በሆነ ቦርድ ይተዳደር፤ የአህባሽ አስተምህሮ በግዴታ አይጫንብን የሚሉ። መንግሥት በበኩሉ በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አልገባሁም ይል ነበር።

ልብ በሉ፤ ሦስቱም ጥያቄዎች ሊጣሩ የሚችሉ ናቸው። ምርጫው የት ይደረጋል? የትምህርት ቤቱ ባለቤት ማን ነው? ሥልጠናውን ማን አዘዘ? እነዚህ ጋዜጠኛ በደብተሩ ይዞ ሄዶ መልስ የሚያመጣባቸው ጉዳዮች ነበሩ። ከመንግሥት ወገን ይነገር የነበረው ግን «ጥቂት አክራሪዎች» የሚል ነበር። «ጥቂት» ሲባል ስንት? «አክራሪ» ሲባል በምን ማስረጃ? ጋዜጠኛ ይህን ሳይጠይቅ ቃሉን ተቀብሎ ካተመው ጽሕፈት ቤቱ የባለሥልጣኑ የጽሕፈት መኪና ሆነ ማለት ነው።

በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፤ «የሙስሊሞች ጉዳይ» የተባለው መጽሔት አዘጋጅም እንዲሁ። 29 ሰዎች በሽብር ወንጀል ተከሰሱ። ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ሳለ በጥር ወር 2005 ዓ.ም. የመንግሥቱ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም ለሕዝብ አሳየ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ የዜና ማሠራጫ የተለያየውን አስተያየት የሚያስተናግድ እንዲሆን ያዝዛል። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ ይላል ያገራችን ሰው፤ በዚህ ጊዜ ግን ጎፈሬው ከዳኛው ፍርድ ሁለት ዓመት ተኩል ቀድሞ ተሰካ። ፍርዱ የተሰጠው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን ቅጣቱም ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ነበር።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እስረኞቹ ከጊዜ በኋላ ተፈቱ፤ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልዩነቱን እንዲሸመግል 9 አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲያቋቁሙ ከመጅሊሱም ከቀድሞው ኮሚቴም ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ትናንት አክራሪ፣ ዛሬ ሸምጋይ። ሰውየው ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው ቅጽሉ ነው። አንባቢ ሁለቱን ቅጽሎች እያነበበ የሰውየውን ሐሳብ በራሱ አንደበት ካልሰማ ምን ዐወቀ?

የጠቡ ወሬ እንዲህ ሲጮህ ሌላው ታላቅ ነገር በዝምታ ያልፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሕግ ሰውነት ሰጥቶ ነበር። መጅሊሱ ግን ይህን በአዋጅ ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ነው፤ ከተመሠረተ ከ44 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በስሙ ንብረት ማፍራት፣ መክሰስና መከሰስ ለአንድ ድርጅት ሕይወት ነው። ከእኛ መካከል ይህን የሚያውቅ ስንት አለ?

ይህን ስል ጋዜጦች ሙስሊም ድርጅቶችን ያመስግኑ ማለቴ አይደለም። ውዳሴም አንድ ዓይነት አለማወቅ ነው። መጅሊሱ የሐጅ ጉዞን ያስተባብራል፤ ተጓዡ የሚከፍለው ገንዘብ እንዴት እንደሚያዝ መጠየቅ ምእመኑን ማክበር እንጂ ሃይማኖትን መድፈር አይደለም። ለሌላው ማኅበር የሚቀርበው ጥያቄ ለዚህም ይቅረብ፤ ለሌላው የማይደረገው ስድብም ለዚህ አይደረግ።

እንግዲህ በበኩሌ ለሚጽፍ ሰው አራት ነገር እጠቁማለሁ። አንደኛ፣ ተናጋሪውን በትክክል ጥራ፤ አንድ ምክር ቤት ያወጣውን መግለጫ «ሕዝበ ሙስሊሙ እንዲህ አለ» ብለህ አትጻፍ፤ ሚሊዮኖች በአንድ አፍ አይናገሩምና። ሁለተኛ፣ ቅጽል ከመጻፍህ በፊት ማስረጃውን ጻፍ፤ ማስረጃው ካለ ቅጽሉ ትርፍ ነው፤ ከሌለ ደግሞ ሐሰት ነው። ሦስተኛ፣ የተወቀሰው ወገን መልሱን በዚያው ቀን፣ በዚያው ገጽ ይስጥ። አራተኛ፣ ጠብ በሌለበት ቀን ሂድ፤ መድረሳውን፣ የዕድሩን ስብሰባ፣ የሒሳብ መዝገቡን ተመልከት።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ ከመካከላችን ጋዜጠኛ፣ ዳኛና የመንግሥት ሹም የሚሆኑ ይወጣሉ። የጎረቤቱን ማኅበር ከስድብና ከእንኳን አደረሳችሁ በቀር የማያውቅ ሰው በዳኝነት ወንበር ሲቀመጥ የሚፈርደው ባነበበው ነው። ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር፤ ይህች በእጃችን የምናባዛት ጋዜጣ በሚመጣው ጊዜ አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን ተማሪ አብራ ወደ አንዱ ሙስሊም ድርጅት ትላክ፤ ያዩትን፣ የጠየቁትንና የተመለሰላቸውን ታትም። ትችት ቢኖርበት ትችቱን፣ ምስጋና ቢኖርበት ምስጋናውን እናነባለን። ያን ጊዜ ቢያንስ የምንከራከረው ስለምናውቀው ነገር ይሆናል።