የገዳሙ ድንጋይ ወዴት ሄደ?



ፍርስራሽ የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ዘመን አፈረሰው» ብሎ ያልፋል። በስዊድን አገር፣ ከቬተርን ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው የአልቫስትራ ገዳም ፍርስራሽ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል።

ገዳሙን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1143 ዓ.ም. ከፈረንሳይ፣ ከክሌርቮ የመጡ የሲስተርሲያን መነኮሳት መሠረቱት። በ1527 ዓ.ም. በቬስተሮስ የተሰበሰበው ጉባኤ የገዳማትን ርስት ለንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ አሳልፎ ሰጠ። መነኮሳቱም ከሄዱ በኋላ ድንጋዩ እየተነቀለ፣ ከፊሉ በ1545 ዓ.ም. ለተጀመረው ለቫድስቴና ግንብ፣ ከፊሉ በሐይቁ ውስጥ ባለችው ደሴት ለተሠራው ለቪሲንግስቦርግ ግንብ ዋለ። የቫድስቴናው ዛሬም ቆሟል፤ ቪሲንግስቦርግ ግን በ1718 ዓ.ም. ተቃጥሎ እርሱም በተራው ፍርስራሽ ሆነ። ለጸሎት የተጠረበው ድንጋይ የመኳንንት አዳራሽ ሆኖ፣ እንደገና ባዶ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ዘመን ድንጋይን ያስረጃል እንጂ በጋሪ ጭኖ አይወስድም። ሕንፃ መፍረስ የሚጀምረው ጠባቂውን ያጣ ዕለት ነው። ስለዚህ ፍርስራሽ ስንጎበኝ የቆመውን ቅስት አድንቀን ብቻ አንመለስ፤ የጎደለውን ድንጋይ ማን እንደ ወሰደው፣ በማንስ ፈቃድ እንደ ወሰደው እንጠይቅ። የታሪክ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነውና።