የደብረ ታቦሩ ልዑልና የአባት ዕዳ

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፤ ንግግሬ በተለይ ሥነ ጽሑፍ ላጠናችሁት ነው፤ መሐንዲሶችና ሐኪሞች ጥቂት ይታገሡኝ።

በ1853 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቃ አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ካሳለፉ በኋላ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዝ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በትግራይ ምድር ዐርፈውበት፣ ገና በሰባት ዓመቱ የሙት ልጅ ሆኖ ባሕር ተሻገረ። የኛ ሰው ባሻ ፈለቀ ይለው የነበረው የጦሩ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ እንደ ተረከው፣ ሕፃኑ ከፍርሃቱ ብዛት ሌሊት ከእርሱ ጎን ካልሆነ አይተኛም ነበር። በአማርኛ የሚያጫውተውም እርሱ ነበረ፤ ዳሩ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ልጁን ከእርሱ ለይቶ ወደ ቼልተንሃም፣ ወደ ራግቢ፣ በኋላም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገባው፤ ልጁም በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ዐርፎ በዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ለሀገሩ ይመለስ ተብሎ የቀረበውን ልመና የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በአብዛኛው ከወሰዱት ሰዎች መዝገብ ነው። አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁንም በ«የቴዎድሮስ እንባ» አባትየውን አንሥተዋል፤ አልነቅፋቸውም፣ እንዲህ ያለ አባት ባለበት ልጅን ማን ያያል! ለልጁ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የጻፈችለት ግን የባሕር ማዶዋ ኤልሳቤጥ ላርድ ናት።

እንዲህ ያለውን ልጅ ለመጻፍ ግን አርአያ አለን፤ በ2014 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተሰጠው አብዱልራዛቅ ጉርናህ፣ ከዛንዚባር በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ሰው ሲሆን፣ ከድርሰቶቹ በአንዱ በአባቱ ዕዳ ለነጋዴ ተላልፎ የተሰጠን ብላቴና ይተርካል፤ የቅኝ ገዢ መዝገብ ተሸካሚና ወታደር ብሎ ብቻ ያለፋቸውን ሰዎች ቅናትና ናፍቆት፣ ተንኰልና ፍቅር ያላቸው አድርጎ አስነሥቷቸዋል። የኛስ ብላቴና የአባቱን ዕዳ አልከፈለምን? ነጋዴውን በጦር አዛዥ፣ ጭነቱን ከመቅደላ በተዘረፈው የብራና መጽሐፍና ታቦት ተኩት፤ ታሪኩ ከዚህ ከከተማችን አጠገብ ካለችው ከጋፋት ማዶ ይጀምራል።

የዓለማየሁ አያት ወይዘሮ ላቂያዬ ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ልከው ነበር። ያን ደብዳቤ በጸሐፊ ሲያስጽፉ ምን ብለው ምን እንዳስቀሩ፣ ስንት ጊዜስ አስፍቀው እንዳስደገሙ ታሪክ ጸሐፊ ሊነግረን አይችልም፤ የፋርጣና የጋይንት እናት ወደ ሱዳን ወይም ወደ ዐረብ አገር ለሄደ ልጇ ስልክ ስትደውል ሰምቶ ያደገ ደራሲ ግን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ባሻ ፈለቀን ክፉ ሰው ብቻ አድርጋችሁ አትጻፉት፤ የሀገራችንን ቅርስ በዘረፈና ሕፃኑን ከምድሩ በነቀለ ጦር ውስጥ ያገለገለው ሰው፣ ያንኑ ሕፃን አቅፎ የሚያስተኛው ሰው ነበርና። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥልን ብዕር እስካሁን በአማርኛ አላየሁም።