«ቤረብል»ን በውሏችን ውስጥ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል፤ ብዙ ተማሪ ግን ዛሬም ቃላትን ከነፍቺያቸው እየሸመደደ ነው የሚያጠናው። ይህ እንደማያዋጣ «ቤረብል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ያሳየናል። ፍቺው «የሚቻል» ነው ብለን ካለፍነው፣ አማርኛችን «ቻለ»ን መታገሥን ለመግለጽም አንድ ነገር ሊሆን እንደሚችል ለመግለጽም ስለሚጠቀምበት፣ ተማሪው «ነገ መምጣት ይቻላል» ለማለት ይህንኑ ቃል ይደነቅረዋል። ስህተት ነው። ቃሉ የሚነገረው ለሚከብድ ነገር ነው፤ ለሙቀት፣ ለሕመም፣ ለጩኸት።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን፣ ከአያት በመገናኛ የሚያልፈውን ቀላል ባቡር እንውሰድ። «ዘ ሂት ኢዝ ቤረብል» ያለ ተሳፋሪ ሙቀቱ አለ፣ ግን ይቻላል ማለቱ ነው። «ሚውዚክ ሜክስ ዘ ዌይት ቤረብል» ካለ ደግሞ ሙዚቃው ጥበቃውን አቅልሎለታል። ቦሌ ምሳ ተጋብዞ ምግቡን «ቤረብል» ያለ እንግዳ ግን ጋባዡን ያስቀይማል፤ ቃሉ ምስጋና አይደለምና። ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እናስተምር ሲባል፣ ፈተና የሚጠይቀው ፍቺ ነው፣ ጊዜም የለም የሚሉ መምህራን አሉ። የጊዜው ነገር እውነት ነው። ሆኖም «ባዶ ቦታውን ሙሉ» የሚል ጥያቄ የሚፈትነው አገባብን ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍም ብዙ ጊዜ አይወስድም። ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ከራሳችሁ ውሎ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩበት።