መርፌው ወደ ዜሮ ሲመለስ፦ ኤሌክትሮማግኔታዊ ኢንዳክሽንን በሁለተኛ ደረጃ ስለ ማስተማር



በ1970ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ነበር፤ በውስጡም አንድ ጋልቫኖሜትር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስታወቱ ጀርባ አየሁት፤ አንድም ቀን ሲወጣ አላየሁም። ዕቃው ቢሰበር የሚጠየቁት መምህራችን ነበሩና አልፈርድባቸውም። የፋራዴይን ሕግ የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ነው። ቀመሩን ገለበጥን፣ ቁጥሮቹን ተካን፣ መልሱን በቮልት አወጣን። በፈተናውም ጥሩ ውጤት አመጣሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመጀመሪያው ዓመት ጋልቫኖሜትር በእጄ ገባ። ማግኔቱን በጥቅልል ሽቦው ውስጥ ከተትሁና የመመሪያውን ወረቀት ጥቂት አንብቤ ቀና አልሁ። መርፌው ዜሮ ላይ ነው። ጠበቅሁ፤ አሁንም ዜሮ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ አመለከትሁ። የቤተ ሙከራው ረዳት ምንም ሳይናገሩ ማግኔቱን መዘዙት፤ መርፌው ዘለለ፣ ተመልሶም ቆመ። ያን ዕለት ያፈርሁትን ያህል በፊዚክስ አፍሬ አላውቅም። «ለውጥ ሲካፈል ለጊዜ» የሚለውን በቃሌ አውቀው ነበር፤ በልቤ ግን ጅረት የሚሰጠው የማግኔቱ ጥንካሬ እንደ ሆነ አምን ነበር።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። የስዊዘርላንዱ ዣን ዳንየል ኮላዶን እ.ኤ.አ. በ1825 ይህንኑ ሙከራ ሠርቶ ነበር። ማግኔቱ መርፌውን በቀጥታ እንዳይረብሸው ሰግቶ ጋልቫኖሜትሩን በረጅም ሽቦ ሌላ ክፍል አኖረው። ጥንቃቄው የሚደነቅ ነበር። ማግኔቱን ከትቶ ወደዚያኛው ክፍል ሲደርስ ግን መርፌው ተመልሶ ቆሟል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1831 በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅልሎች ጠምጥሞ ባትሪውን ሲያገናኝ መርፌው ለቅጽበት ሲናወጥና ሲረጋ አየ፤ ሲያቋርጥም እንዲሁ። የሒሳብ ትምህርቱ እጅግ ጥቂት የነበረ፣ በመጽሐፍ ጠራዥነት የሠለጠነ ሰው ነው። ዐይኑ ግን መርፌው ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቃል ጥቂት ልበል። በአማርኛ «መግነጢሳዊ ፍሰት» እንላለን። ትርጉሙ ስሕተት አይደለም፤ የላቲኑም ሥር መፍሰስ ነው። ተማሪው ግን ፍሰት ሲባል በሽቦው ቀዳዳ አንድ ነገር ሲንዠቀዠቅ ይታየዋል፤ የሚፈስ ነገር ካለ ደግሞ ማግኔቱ ቆሞም ጅረት ቢሰጥ ምን ይገርማል? እኔ በክፍል ውስጥ ሰንበሌጥ ይዤ እገባለሁ። አንድ ጭብጥ ሰንበሌጥ በቀለበት ውስጥ አሳልፋለሁ። ስንት ዘለላ አለፈ? ይቆጠራል፤ የሚፈስ ግን የለም። ጥቂቱን ስመዝዝ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ቀለበቱን ጠበብ ባለ ሌላ ብተካውም ይለወጣል። ጥቅልሉ የሚመልሰው ለዚህ ለውጥ ነው። የሰፈራችን ትራንስፎርመርም ባትሪ ቢያገናኙበት ከመነሻው ቅጽበት በኋላ ዝም የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሌንዝ ሕግ ደግሞ በደብተራችን ውስጥ አንዲት የመቀነስ ምልክት ሆና ቀርታለች። ብዙዎች በስሌቱ መጨረሻ ይጥሏታል። የተወለደው ጅረት ማግኔቱን የሚያግዝ ቢሆን ኖሮ ግን ማግኔቱ በራሱ እየፈጠነ ይሄድ ነበር፤ እኛም ያለ ድካም ኤሌክትሪክ እናገኝ ነበር። ዲናሞ ያለው ሳይክል የነዳ ልጅ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ዲናሞው ጎማውን ሲነካና መብራቱ ሲበራ ፔዳሉ ይከብዳል፤ ሳይክሉ ሲቆም መብራቱ ይጠፋል። በአባይ ላይ ያሉት ተርባይኖችም ከዚህ አያመልጡም፤ ማታ ማታ ምጣዱ ሁሉ ሲሰካ ጄኔሬተሮቹ ይከብዳሉ፣ ውኃውም የበለጠ መግፋት ይኖርበታል።

ስልሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል፣ ምዕራፉን ለፈተና ማድረስ ያለበት መምህር ይህን ሁሉ በምን ጊዜ ይሠራዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። የሙከራው ዋጋ ግን ምክንያት አይሆንም። ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ሽቦና ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት ይበቃሉ። ጋልቫኖሜትር ከሌለ በማይክሮአምፔር የሚለካ ባለ መርፌ መልቲሜትር ይሠራል፤ መርፌው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ ማግኔቱ ሲወጣ ገመዶቹን ማገላበጥ ያሻል። ከሁሉ የምለምነው፣ መምህሩ ከማሳየቱ በፊት ተማሪዎቹ የሚጠብቁትን በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ ነው። አስቀድሞ ያልተሳሳተ ተማሪ መርፌው ሲመለስ የሚያየው ነገር የለም፤ እኔም ያን ዕለት መሣሪያው ተበላሽቷል ባልል ኖሮ ያየሁትን እረሳው ነበር።

ጥቅልሉና ማግኔቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከማለፋችን በፊት ወረቀት አውጡልኝ። ማግኔቱን በዝግታ እከታለሁ፤ ቀጥሎ በፍጥነት፤ በመጨረሻም ማግኔቱን አቁሜ ጥቅልሉን አንቀሳቅሳለሁ። መርፌው በሦስቱም ምን ያደርጋል? ጻፉና እንመልከት።