ከጥርጣሬ ወደ ማስረጃ፦ የአርተር ኮናን ዶይል ሕይወትና ሥራዎች

(ልደታ፣ አዲስ አበባ፤ በሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገርለት ደራሲ በገዛ ፍጡሩ ጥላ የተሸፈነ ሰው ነው። ሼርሎክ ሆልምስን በመጽሐፍ ባይሆን በፊልም የማያውቅ ተማሪ እምብዛም አይገጥመኝም፤ አርተር ኮናን ዶይል ማን እንደ ነበረ ስጠይቅ ግን የሚመልሱልኝ ጥቂቶች ናቸው።

የወንጀል ምርመራ ልቦለድ በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ውስጥ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ተቆጥሮ ወደ ዳር የተገፋ ዘርፍ ነው። እኔ ግን ዘርፉ አንድ ከባድ ጥያቄ ተሸክሟል ባይ ነኝ፦ አንድን ሰው «አጥፊው አንተ ነህ» ለማለት ምን ያህል ማወቅ ይበቃል? ጥያቄው ለልደታ እንግዳ አይደለም። እዚሁ አጠገባችን ያለው ፍርድ ቤት በየዕለቱ የሚመረምረው እርሱን ነውና። የደራሲውን ታሪክ በሚመለከት የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ኮናን ዶይል በ1859 በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ ተወለደ። አባቱ በመጠጥና በሕመም የተጎዳ ሰው ስለ ነበር ቤተሰቡ ኑሮ አልሰመረለትም። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲያጠና ጆሴፍ ቤል ከሚባል የቀዶ ሕክምና መምህር ጋር ተገናኘ። ቤል በሽተኛው ቃል ሳይተነፍስ ከአረማመዱ፣ ከእጁና ከልብሱ ተነሥቶ ሙያውንና የመጣበትን ስፍራ ይናገር ነበር። ሆልምስ ከዚህ መምህር እንደ ተወለደ ደራሲው ራሱ አልሸሸገም።

በ1882 በፖርትስመዝ ከተማ፣ ሳውዝሲ በተባለው ሰፈር የሕክምና ቤት ከፈተ፤ በሽተኛ በጠፋበት ሰዓትም ይጽፍ ጀመር። ሆልምስ የተዋወቀበት የመጀመሪያው ልቦለድ፣ «ጥናት በደማቅ ቀይ»፣ በ1887 ሲታተም ሙሉ መብቱን የሸጠው በ25 ፓውንድ ብቻ ነበር። ዝናው የመጣው በ1891 አጫጭር ታሪኮቹ በስትራንድ መጽሔት መውጣት ሲጀምሩ ነው። በዚያው ዓመት የዓይን ሕክምና ለመማር ወደ ቪየና ሄዶ ነበር፤ ይህን ጉዳይ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኮናን ዶይል ሊታወስ የፈለገው በታሪካዊ ልቦለዶቹ ነበር። ስለዚህ በ1893 ሆልምስን ገደለው። አንባቢው ተቆጣ፤ ብዙ ደንበኞችም መጽሔቱን ተዉ። ደራሲው በ1901 «የባስከርቪል ውሻ» የተሰኘውን ልቦለድ ማሳተም ጀመረ፤ በ1903 ደግሞ ሆልምስን ከሞት አስነሣው። የመጨረሻው ታሪክ በ1927 እስኪወጣ ድረስ በሆልምስ ዙሪያ 4 ልቦለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ተጽፈዋል። ደራሲው በ1930 አረፈ።

ሆልምስ በተመለሰበት ታሪክ ውስጥ ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው ዝርዝር አለ። መርማሪው ጠፍቶ በነበረባቸው ዓመታት ከጎበኛቸው ሰዎች አንዱ የካርቱሙ ኸሊፋ እንደ ነበር ለወዳጁ ለዋትሰን ይነግረዋል። ይህ ኸሊፋ በ1881 ዓ.ም. ሠራዊቱ መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተዋጋው፣ ንጉሠ ነገሥቱም የወደቁበት አብዱላሂ ነው። ለለንደኑ አንባቢ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ ጌጥ፣ ለእኛ ግን የሐዘን ታሪክ ነው። ታሪኮቹ የተጻፉት በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በገዢዋ መዲና መሆኑን እያሰብን ብናነባቸው የምንጠቀመው እኛው ነን።

ወደ ዘዴው ልሻገር። በ1892 በወጣው «ሲልቨር ብሌዝ» በተሰኘው ታሪክ የእሽቅድምድም ፈረስ በሌሊት ከጋጣው ይሰረቃል። የጋጣው ውሻ አልጮኸም። ሌሎቹ መርማሪዎች የሆነውን ሁሉ ሲለቅሙ ሆልምስ መሆን ሲገባው ያልሆነውን ያስተውላል፤ ውሻው ዝም ያለው የገባውን ሰው ስለሚያውቀው ነው። ዝምታም ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሚናገረው አስቀድሞ የውሻን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ነው።

አባቶቻችንም ለዚሁ ጥያቄ የራሳቸው መልስ ነበራቸው። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። መድኃኒት ቀምሶ ራሱን የሳተ ልጅ በገመድ ተይዞ በመንደሩ ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሁለተኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። የአካባቢው ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ አጥፊው ካልተገኘም ካሳውን በጋራ ይከፍላል። ሌባ ሻይ ሊጠየቅ የማይችል ምስክር ነው፤ ልጁን «እንዴት አወቅህ?» የሚለው የለም። አፈርሳታ ግን ዕውቀት በማኅበረሰቡ መካከል ተበታትኖ እንደሚገኝ የተረዳ ብልህ ሥርዓት ነበር። ድክመቱ ሕዝቡ አስቀድሞ የጠላውን ሰው ከጥርጣሬ የሚያድንበት መንገድ ማጣቱ ነው።

ይህ ድክመት የእኛ ብቻ አለመሆኑን የጆርጅ ኤዳልጂ ጉዳይ ያሳየናል። ኤዳልጂ በእንግሊዝ ግሬት ዋይርሊ በተባለች መንደር የሚኖር የሕግ ባለሙያ ነበር፤ አባቱ ከሕንድ የመጣ የመንደሩ ቄስ ነው። በ1903 በሌሊት ፈረሶችንና ከብቶችን እየቆራረጠ የሚሸሽ ሰው ሲጠፋ ጣት በዚህ ወጣት ላይ ተቀሰረ፤ 7 ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። ከ3 ዓመት በኋላ ሲፈታ ጥፋተኝነቱ አልተነሣለትም ነበር። ኮናን ዶይል ሊያገኘው በሄደ ጊዜ ሰውየው ጋዜጣውን ከፊቱ አስጠግቶ ሲያነብ አየው። የዓይን ሕክምና የተማረው ሐኪም ወዲያው ተረዳ፦ ይህን ያህል የዓይን ድካም ያለበት ሰው በድቅድቅ ጨለማ ማሳ አቋርጦ እንዲህ ያለውን ሥራ ሊፈጽም አይችልም። በ1907 በዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ የጻፋቸው ጽሑፎች አገሩን አነጋገሩ፤ ኤዳልጂ ከብቶቹን በመጉዳት ከተፈረደበት ጥፋት ምሕረት ቢያገኝም ካሳ ግን አላገኘም። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጉዳይ ነበር።

ሁለተኛው ኦስካር ስሌተር ነው። ይህ ጀርመናዊ አይሁዳዊ በግላስጎው ከተማ አንዲት አሮጊት ገድሏል ተብሎ በ1909 ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱም ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ለጥርጣሬው መነሻ የሆነው መያዣ የተሰጠ ጌጥ የሟቿ አለመሆኑ፣ መያዣ የተሰጠውም ከግድያው በፊት መሆኑ ታውቆ ሳለ ክሱ ቀጠለ። ኮናን ዶይል በ1912 ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሌተር ከ18 ዓመት በላይ ታስሮ በ1927 ተፈታ፤ ፍርዱም በ1928 ተሻረ። ሁለቱም ተከሳሾች በሰፈሩ ዘንድ ባዕዳን እንደ ነበሩ ልብ በሉ። በግሬት ዋይርሊ አፈርሳታ ቢጠራ ኖሮ ውጤቱ የተለየ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም።

ይህን ስል ደራሲውን ጻድቅ ላደርገው አይደለም። ይኸው ሰው በ1920 ሁለት ልጃገረዶች በኮቲንግሌይ መንደር ያነሧቸውን የተረት ፍጥረታት ፎቶግራፎች እውነተኛ ናቸው ብሎ ለዓለም አወጀ፤ ሥዕሎቹ ከወረቀት ተቆርጠው የቆሙ ነበሩ። ከሙታን ጋር መነጋገር ይቻላል የሚለው እምነቱም በልጁና በወንድሙ ሞት በረታበት። በኤዳልጂ ላይ የቀረበውን ማስረጃ በጥርጣሬ የመረመረው ዓይን፣ ልቡ የተመኘውን ነገር ሲያይ ግን መመርመሩን ተወ። ለእናንተ ለተማሪዎቼ ከሆልምስ ድሎች ሁሉ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ይህ ይመስለኛል፤ ማስረጃ አጥብቆ መጠየቅ የሚከብደው የምንጠላው ሰው ሲከሰስ እና የምንወደው ነገር ሲነገረን ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል። አንቀጹ በችሎት ይሠራል፤ በቡና ጠጡ፣ በታክሲና በስልካችን ላይ ግን ፍርዱ ከክሱ ይቀድማል። ይህን ልማድ ሕግ ብቻውን አይለውጠውም፤ ንባብ ግን ሊረዳ ይችላል። የወንጀል ምርመራ ልቦለድ አንባቢ መጀመሪያ የጠረጠረው ሰው ንጹሕ ሆኖ ሲያገኘው በራሱ ችኮላ ያፍራል፤ ይህም ማንንም ሳይጎዳ የሚገኝ ትምህርት ነው።

በአማርኛም መሠረቱ አለ። ሀዲስ አለማየሁ «ወንጀለኛው ዳኛ» በሚል ርእስ ልቦለድ ጽፈዋል፤ ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን በትርጉም ለሰፊ አንባቢ አድርሰዋል። በላ ልበልሃና ተጠየቅን የመሰለ የሙግት ጥበብ ያለው ቋንቋ፣ አፈርሳታን የሚያውቅ ማኅበረሰብ፣ የራሱን መርማሪ ለመፍጠር ከለንደን መበደር አያስፈልገውም። ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ በሩ ክፍት ነው።