ጓደኛ ሲጓዝ



ከጓደኞቻችሁ ጋር ኬንያን ለመጎብኘት ካሰባችሁ፣ ማሳይ ማራ የተባለውን የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። አንበሳውንና ዝሆኑን ካያችሁ በኋላ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ውረዱ። ማሊንዲና ዋታሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ የሚጠበቁ የባሕር ፓርኮች ናቸው።

እዚያ ውኃው ውስጥ ድንጋይ የሚመስለው ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። አንዱ ብቻውን እጅግ ትንሽ ነው፤ ሚሊዮኖች ሆነው ግን ትውልድ በትውልድ ላይ እየገነቡ ለዓሣው መጠለያ፣ ለባሕሩ ዳርቻ የማዕበል መከላከያ ይሆናሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ኮራል ግን ስስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ በውስጡ እየኖሩ የሚመግቡት ጥቃቅን አልጌዎች ተለዩት፤ ነጣ፣ ብዙውም ሞተ። የሰው እግርም ይሰብረዋል።

ስለዚህ ስንጓዝ እርስ በርስ እንጠባበቅ። አንዱ ለፎቶ ብሎ ኮራል ላይ ሊቆም ሲል፣ ሌላው በማሳይ ማራ ሾፌሩን «ወደ አንበሳው ጠጋ በል» ሲል፣ «ተው ወንድሜ፣ ተይ እህቴ» የሚል ወዳጅ ያስፈልጋል። እኛ ያየነውን ውበት ልጆቻችንም የማየት መብት አላቸው።